አርባዎቹ ልጆችና መምህራቸው፤ የኬቮርክ ናልባንዲያን የሕይወት ታሪክ



በአገራችን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ማለዳ ማለዳ ተማሪው ተሰልፎ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ የሕዝብ መዝሙር ይዘመራል። ይኸን ሁላችንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እናውቀዋለን። ነገ ከነገ ወዲያ ደግሞ እኛው ራሳችን በእነሞር፣ በቸሃ፣ በጉመር ወይም ከዚህ ራቅ ባለ ገጠር ተመድበን ሰልፉን እናቆማለን፣ መዝሙሩንም እናስጀምራለን። አብዛኛውን ጊዜ ታዲያ የሚያጅበን መሣሪያ አይኖርም። ያለው የመምህሩ ጉሮሮና የተማሪው ጉሮሮ ብቻ ነው።

ስለ መዝሙር ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ግጥሙን ነው። ዜማውን ማን ሠራው? ሲባል ግን ብዙው ሰው ዝም ይላል። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ሦስት የታወቁ ብሔራዊ መዝሙሮች ነበሯት። የዛሬው፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የምንዘምረው፣ ዜማው የሰሎሞን ሉሉ ነው። ከእርሱ በፊት በ1967 ዓ.ም. የመጣው የዳንኤል ዮሐንስ ነው። የመጀመሪያውን ዜማ የደረሱት ሰው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አልተወለዱም፤ አማርኛም አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ አልነበረም። ስማቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። በዛሬው እትማችን ስለ እኚህ ሰውና ስለ መሯቸው አርባ የሙት ልጆች ጥቂት ልንል ወደድን።

ወደ እሳቸው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ማስቀደም ይገባናል። አንዳንድ ሰዎች የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ወደ አገራችን የገባው ከውጭ ነው፣ እኛ ቀድሞ ምንም አልነበረንም ብለው ሲናገሩ እንሰማለን። ይህ ትክክል አይደለም። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ደጅ ነጋሪት እየተጎሰመ መለከትና እንቢልታ ይነፋ እንደነበር የታወቀ ነው። እንቢልታ በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ እንቢልታ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ሦስት ነፊዎች ቁመታቸው የተለያየ ሦስት እንቢልታ ይዘው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየቀጠለ፣ ዜማውን ተካፍለው ይነፉታል። አንዱ ነፊ ከታመመ ዜማው ጎደሎ ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ ባንድ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ልዩነቱ መሪ በዘንግ አለመምራቱ፣ ኖታም አለመኖሩ ነው።

ከነሐስ የተሠራው የአውሮፓ ጥሩምባ የመጣው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ጣሊያንን ድል ከነሡ ወዲህ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሲጠራ፣ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ 2ኛ ለምኒልክ ከላኳቸው ስጦታዎች መካከል የማርሽ ባንድ መሣሪያዎች ነበሩበት። መሣሪያውን የሚያስተምር ሰውም አብሮ መጣ፤ የቤተ መንግሥቱ ባንድም እንዲህ ተጀመረ። ነገር ግን መሣሪያ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ሳይቋረጥ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ይህን እኛ የመምህርነት ሠልጣኞች ከማንም በላይ የምናውቀው ይመስለናል።

አሁን ወደ ኬቮርክ እንመለስ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1887 በዚያን ጊዜ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በነበረችው በአይንታብ ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ በደቡብ ቱርክ የምትገኘው ጋዚያንቴፕ ናት። ወገናቸው አርመን ነው። ኬቮርክ የሚለው ስም የእኛው ጊዮርጊስ ነው። ናልባንዲያን ደግሞ ከፈረስ ጫማ መቺ ዘር ማለት ነው። አያት ቅድመ አያታቸው በመዶሻና በምስማር ይተዳደሩ የነበሩ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ልጃቸው ግን እጁን ያዋለው ለሙዚቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1915 በአርመኖች ላይ የደረሰው እልቂት በታሪክ ከታዩት ከባዱ መከራዎች አንዱ ነው። ወንዶቹ ተገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ፣ በመንገድ በረኃብ፣ በጥማትና በበሽታ አለቁ። ከአይንታብም ሕዝቡ ተፈናቀለ። ከዚያ የተረፉት በሶርያ፣ በሊባኖስ፣ በግብፅና በኢየሩሳሌም ተበተኑ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሕፃናቱ ነገር ነው። እናትና አባታቸው የሞቱባቸው፣ አንዳንዶቹም የተወለዱበትን መንደር ስም እንኳ በውል የማያውቁ ብዙ ሺህ ልጆች በየማሳደጊያው ተሰበሰቡ። ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም፣ በቅዱስ ያዕቆብ፣ ተጠለሉ። እዚያም የጥሩምባ ባንድ ነበራቸው።

ለሙት ልጅ ጥሩምባ መስጠት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር ልንገረምበት አይገባም፤ ዳቦ አይቀድምም ወይ? ያሰኛል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የማሳደጊያ ኃላፊዎች ልጅ ሁሉ ራሱን የሚችልበት ሙያ ይዞ እንዲወጣ ነበር የሚያስቡት። አንዱ ጫማ ይሰፋል፣ አንዱ እንጨት ይጠርባል፣ አንዱ ደግሞ ጥሩምባ ይነፋል። በባንድ ውስጥ ያለ ልጅ ደግሞ በሰዓቱ መምጣት፣ ዝም ብሎ ተራውን መጠበቅ፣ የጎረቤቱን ድምፅ መስማት ይማራል። ቤተ ሰብ የሌለው ልጅ አርባ ሆኖ አንድ ዜማ ሲነፋ ለጊዜውም ቢሆን ቤተ ሰብ ያገኛል። ይህ የእኛ አስተያየት ነው።

በ1916 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ጉዞ ጀመሩ። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት በነበረው መስከረም፣ እ.ኤ.አ. በ1923፣ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና ጉዞው አገሪቱን ለዓለም ማስተዋወቂያ ነበር። ራስ ኃይሉና ራስ ሥዩምን የመሳሰሉ መሳፍንት፣ እንዲሁም ብላቴን ጌታ ኅሩይ አብረው ነበሩ። ከአውሮፓ በፊት ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። እዚያም የአርመኑን ገዳም ሲጎበኙ እነዚያን ልጆች አገኟቸው፣ ሙዚቃቸውንም ሰሙ።

አልጋ ወራሹ የልጆቹ ሁኔታ ልባቸውን ነካው። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር በሃይማኖት እኅትማማች ናት፤ አርመኖች ከኢትዮጵያ ጋር ያላቸው ግንኙነትም ቢሆን የቆየ ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወደ ፖርቱጋል የላኩት መልእክተኛ ማቴዎስ የሚባል አርመን ነበር። በምኒልክ ዘመንም የአርመን አንጥረኞች፣ ፎቶ አንሺዎችና ነጋዴዎች አዲስ አበባ ነበሩ፤ የሰርኪስ ባቡር እየተባለ በከተማው ሰው አፍ የቀረውን መኪና ያመጣው ሰርኪስ ቴርዚያንም ከእነርሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። አልጋ ወራሹ በኢየሩሳሌም ያሉትን የአርመን ፓትርያርክ አስፈቅደው አርባ ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ።

ነገሩን በሐዘኔታ ብቻ ማየት ግን ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። አልጋ ወራሹ አዋቂ ፖለቲከኛም ነበሩ። የውጭ አገር መልእክተኛ ወደ ቤተ መንግሥት ሲመጣ፣ ሰልፍ ሲደረግ፣ በዓል ሲከበር የዘመኑ መንግሥታት ሁሉ የማርሽ ባንድ ያሰማሉ። ኢትዮጵያም የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ በዚህ ከማንም ማነስ አልነበረባትም። እንግዲህ ልጆቹ መጠጊያ አገኙ፣ አልጋ ወራሹም ባንድ አገኙ።

የዚያን ዘመን መንገድ በጅቡቲ በኩል ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ሥራው ካለቀ ገና ጥቂት ዓመታት ነበረው፤ ባቡሩም ሌሊት ሌሊት እያደረ በሦስት ቀን ነበር የሚገባው። አርባዎቹ ልጆች አዲስ አበባ የደረሱት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። አዲስ ዓመት ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አብረዋቸው አባ ሆቫንስ ሲሞኒያን የሚባሉ ካህን ነበሩ። የሙዚቃው መሪ ደግሞ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሆኑ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ሠላሳ ሰባት ገደማ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ልጆቹን አርባ ልጆች ብሎ ጠራቸው፤ ስሙም ቀረ። በሌሎች አገሮች የታሪክ መጻሕፍት ሳይቀር ዛሬም በአማርኛ ስማቸው አርባ ልጆች እየተባሉ ይጠቀሳሉ።

የባንድ መሪ ሥራ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በበዓል ቀን ነጭ ጓንት አድርጎ ዘንግ የሚያወዛውዝ ሰው ነው። ያ የሥራው ቅንጣት ነው። ዋናው ሥራ ያለው ሰው በማያይበት በልምምድ ክፍል ውስጥ ነው። እስቲ ለማናውቀው ሁሉ ነገሩን ትንሽ ዘርዘር እናድርገው።

ትራምፔት ሦስት ቁልፎች ብቻ አሉት። መካከለኛው ሲጫን ድምፁ በግማሽ ይወርዳል፣ የመጀመሪያው ሲጫን በአንድ ሙሉ፣ ሦስተኛው ሲጫን በአንድ ተኩል። ይህም የሚሆነው ቁልፉ ሲጫን ትንፋሹ ተጨማሪ ቱቦ ዞሮ ስለሚወጣ ነው። ቱቦው በረዘመ መጠን ድምፁ ይወፍራል። ቁልፎቹን ብቻ ማወቅ ግን አይበቃም። ቁልፍ ሳይነካ በከንፈር ማጥበቅና ማላላት ብቻ ብዙ ድምፆች ይወጣሉ። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ የሚለማመደው ጣቱን ሳይሆን ከንፈሩን ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ሳያዛባ፣ ሳያንቀጠቅጥ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ መያዝ። ይህ አሰልቺ ነገር ነው፤ ልጅ ደግሞ አሰልቺ ነገር አይወድም። መምህሩ እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው።

ከዚያ የመስማማት ነገር ይመጣል። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል። በአዲስ አበባ የጥቅምት ውርጭ አርባ መሣሪያ በአንድ ድምፅ እንዲናገር ማድረግ ምን ያህል ያደክም ይሆን? ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ከቆላ የመጣ ነፊ ትንፋሹ ቶሎ ማጠሩም አይቀርም።

ሌላው ኖታ ነው። ክላርኔትና ትራምፔት በኖታው ላይ የተጻፈውን ድምፅ ሲነፉ የሚሰማው ከተጻፈው በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ደግሞ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ስለዚህ መሪው አንዱን ዜማ ለየመሣሪያው እያሰላ፣ እያቀያየረ መጻፍ አለበት። አንድ መስመር ከተሳሳተ ልምምዱ ሁሉ ይበላሻል። የትምህርት ዝግጅት ከብዶናል የምንል ሰዎች ይኸንን ብናስብ አይከፋም።

ኬቮርክ ከዚህ ሁሉ በላይ ሌላ ችግር ነበረባቸው። የአውሮፓ መሣሪያ የተሠራው ለሰባት ድምፅ ሥርዓት ነው። የእኛ አገር ዘፈን ደግሞ በብዙው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች ሁሉ አምስት ድምፅ ናቸው። ከዚህም በላይ የእኛ ዜማ አንድ መስመር ነው። ዘፋኙ የዘፈነውን ክራሩም ማሲንቆውም ይከተሉታል እንጂ እንደ አውሮፓው ሦስትና አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ ተደራርቦ አይሄድም። የአገሩን ዘፈን ለአርባ ጥሩምባ ላዘጋጅ ቢባል ለቱባው ምን ይሰጠዋል? ለትሮምቦኑስ? ሁሉም አንድ ዜማ ቢነፉ ጩኸት ይሆናል፤ የአውሮፓው ስምምነት ቢጨመርበት ደግሞ የአገሩ ሰው ዘፈኑን አላወቀውም ይላል። ይህ ጥያቄ በኬቮርክ ዘመን አልተፈታም። ከእሳቸው በኋላ የመጡት፣ ወደ ኋላ ስሙን የምናነሣው የወንድማቸው ልጅ ጭምር፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲታገሉበት ኖረዋል። ዛሬ በየሙዚቃው የምንሰማው የኢትዮጵያ ትንፋሽ መሣሪያ አጨዋወት የዚያ ትግል ውጤት ነው ብንል አላጋነንንም።

እ.ኤ.አ. በ1926 ኬቮርክ ትልቁን ሥራቸውን ሠሩ። ለአልጋ ወራሹ ማርሽ ድረሱ ተብለው ማርሽ ተፈሪ የተባለውን ዜማ ደረሱ። በአውሮፓውያን ማርሽ አካሄድ የተሠራ፣ ለነሐስ ባንድ የሚመች ዜማ ነው። ግጥሙን የጻፉለት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ የጎጃም ሰው፣ ከደብረ ኤልያስ የወጡ የቅኔ ሊቅ፣ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ደግሞ መምህርና የቴአትር ደራሲ የሆኑ ናቸው።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እንየው። አንዱ የአይንታብ አርመን፣ ከእልቂት ተርፎ የመጣ ጥሩምበኛ። ሌላው በቆሎ ተማሪነት ያደገ የጎጃም ባለቅኔ። የቅኔ መምህር ግጥም የሚሠራው በቤቱ ልክ፣ በዜማው ስልት ነው። ያ የለመደው ዜማ ግን ከቅዱስ ያሬድ የመጣ ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። ማርሽ ደግሞ ለእግር ነው የሚሠራው፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። በአማርኛ ቃል ላይ ጠብቆ የሚነበብ ፊደል አለ፣ ላልቶ የሚነበብ አለ። የሚጠብቀው ፊደል እግር በሚያርፍበት ቦታ ካልዋለ ቃሉ ይሰበራል። ሁለቱ ሰዎች በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አናወራም፤ መግባባታቸውን ግን ሥራው ይመሰክራል። መዝሙሩ ከአርባ ዓመት በላይ በየትምህርት ቤቱ ሕፃናት ሳይሰናከሉ ሲዘምሩት ኖረዋል። ሕፃን የማይመቸውን ዜማ እኮ አይሸከምም!

ሌላም ነገር አለ። ኬቮርክ ይህን ዜማ ሲደርሱ የራሳቸው ወገኖች ነጻ መንግሥት አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1918 የቆመችው የአርመን ሪፐብሊክ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ቆይታ ጠፍታ ነበር። አገር የሌለው ሰው ነው እንግዲህ ለኢትዮጵያ የአገር መዝሙር የሠራላት።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣሊያንና ከሌሎችም አገሮች ትልልቅ እንግዶች መጡ፤ ጋዜጠኛውም ብዙ ነበር። የኬቮርክና የዮፍታሔ መዝሙር በአደባባይ ተሰማ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ተብሎ ታወቀ። በዚያን ጊዜ ከጉራጌ አገር በእግሩ ተጉዞ አዲስ አበባ ለሥራ የገባ ሰው ብዙ ነበርና፣ ከእኛም አያቶች አንዳንዱ ያንን ድምፅ ከመንገድ ዳር ሳይሰማው የቀረ አይመስለንም።

አርባዎቹ ልጆች ለዘለዓለም አርባ ሆነው አልቆዩም። አደጉ፤ ጎልማሶች ሆኑ፤ ቡድኑም ተበተነ። አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ፣ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ቀርተው ትዳር መሠረቱ፣ ሌላ ሥራ ያዙ፣ በአርመን ሰፈር ኖሩ። ኬቮርክ ግን አልሄዱም። በከተማው ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ ማስተማር ቀጠሉ፤ ለቴአትርም ዜማ አዘጋጁ። ጥሩምባ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እጅ መግባት የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። እኛ እንደሚመስለን ከመዝሙሩ ይልቅ ይህኛው ሥራቸው ይበልጣል። መዝሙር የሠራ ሰው ስሙ በአንድ ቀን ይወጣል። ልጅ ያስተማረ ሰው ግን ፍሬው የሚታየው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ፍሬው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዱ፣ ዮፍታሔም ወደ ሱዳን ተሰደው ትግሉን በብዕራቸው ረዱ። ለአምስት ዓመት በአደባባይ የሚሰማው የፋሽስቶቹ ዘፈን ጆቪኔዛ ሆነ። የኢትዮጵያን መዝሙር መዘመር በራስ ላይ መፍረድ ነበር። በስደት ያሉት ግን ረስተው አልተውትም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ መዝሙሩም ተመለሰ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በ1939 ዓ.ም. አረፉ።

ከነጻነት በኋላ የተከፈተው ዘመን የባንድ ዘመን ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተደራጁ። ኮንቶሮቪች የሚባል የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን አዋቂ መጥቶ በማሠልጠን ረዳ። በዚህ ጊዜ ግንባር ቀደም ሆኖ የወጣው ግን የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ነው። ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1915፣ በዚያው በእልቂቱ ዓመት ተወልዶ፣ በሶርያ አሌፖ ያደገና በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎቱን ተከትሎ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ነው። የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ አሠለጠነ፤ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ሲከበር በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ትልቁን ኦርኬስትራ መራ። የአገሩን አምስት ድምፅ ዜማ ለሳክስፎንና ለትሮምቦን እያደላደለ አዘጋጀ። አጎቱ ያነሡትን ጥያቄ የወንድም ልጅ ነው የመለሰው ማለት እንችላለን፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም።

ከእነዚህ ባንዶች እነማን እንደወጡ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪ አረዱት ይሆንብናል። ጥላሁን ገሠሠ በክቡር ዘበኛ ባንድ ዘፈነ። ጉራጌ የሆነውና መርካቶ ተወልዶ ያደገው ማሕሙድ አሕመድም በዚያው ባንድ ነው መድረክ የወጣው። ዘፋኞቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ከኋላቸው ቆመው ትራምፔትና ሳክስፎን የሚነፉትን ግን ማን ያውቃቸዋል? እነዚያን ነፊዎች ያስተማሯቸውንስ መምህራን? የመምህራኑ መምህር ዘንድ ስንደርስ ደግሞ ኬቮርክ ናልባንዲያንን እናገኛለን።

አንዳንድ ሰዎች የአገር መዝሙር በውጭ ሰው መሠራቱ ያሳፍራል ሲሉ ይሰማል። እኛ አንስማማም። ሰውየው ሠርቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ በመጣበት መርከብ የሄደ ሰው አይደለም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖረበት፣ አስተማረበት፣ አረጀበት። በሌላ በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሁሉ ከአርመን መጣ ብሎ የሚያጋንን ሰው አይጠፋም፤ ይኸም ስሕተት ነው። ከላይ እንዳልነው እንቢልታውና መለከቱ፣ ዋሽንቱና ማሲንቆው፣ በሺህ ዓመት የሚቆጠረው የያሬድ ዜማ ቀድሞ ነበረ። ኬቮርክ ያመጡት አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ መሪ ሥር ከኖታ እያነበበ በነሐስ እንዲጫወት የማሠልጠን ሙያ። ለአንድ ሰው ዕድሜ ይህ በቂ ይመስለናል።

ኬቮርክ ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ገደማ ነበር። ያ ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ከተማ የተመሠረተበት ዓመት ነው፤ የብዙ አዳዲስ ነጻ አገሮች መሪዎች ለመሥራቹ ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበር።

በተከታዩ ዓመት፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶንን ሩጫ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። የወርቅ ሜዳሊያው ተሰጠው፤ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። የዚያ አገር ባንድ ግን የኢትዮጵያን መዝሙር አያውቀውም ነበርና በምትኩ የጃፓንን መዝሙር መታ ይባላል። አበበ ጸጥ ብሎ ቆመ። ኬቮርክ ይኸን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ለባንድ መሪ ኖታ በጊዜው አለመድረሱን የመሰለ የሚያናድድ ነገር የለም።

ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ወረደ። በዚያው ዓመት ሌላ መዝሙር ታወጀና ያ ዜማ በየትምህርት ቤቱ መዘመሩ ቆመ። ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1977 አረፈ። ለትልልቅ ኦርኬስትራዎች ያዘጋጃቸው ሥራዎች ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አሜሪካና ፈረንሳይ አገር ባሉ ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ጥረት፣ ከተቀመጡበት ወጥተው እንደገና ለአድማጭ በቅተዋል። የአጎቱን ማርሽ ደግሞ በድሮ የተቀዱ ሸክላዎች ላይ ማግኘት ይቻላል። ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው ሲያዳምጠው የትሮምቦኑን መስመር ከትራምፔቱ ለይቶ ይሰማዋል።